እልልታ በለቅሶ ቤት

ባለቤቴ ቤዝቦልን መጀመሪያ ላይ ይንቀው ነበር። እዚህ ሆላንድ «ሆንክባል» ይሉታል። ልጃችን ሆግቭሊት ከሚባለው ሰፈር ሜዳ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ፣ «አንተ፣ ዱላ ይዞ ቆሞ መዋል ምን ይሉታል?» ይለው ነበር። ኋላ ግን ከልጁ ባሰ። ዳኛው ላይ ሲጮህ አፍሬ ልብሱን ስጎትተው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ይለኛል። ልጁን አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ለጨዋታው ብሎ በነፃ ሲወስደውማ፣ ትራም ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ሲያወራ አንገቴን ያስደፋኝ ነበር።

የልጄ ቡድን ለኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። አባቱ ጨዋታውን በኢንተርኔት ቁጭ ብሎ እንደሚያይለት ቃል ገባ። በዚያው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለች። ዴን ሃግ ቢሮ ሳጸዳ ተደወለልኝ፤ ሆስፒታል ስደርስ አልቆ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉኝ። «ሰው አገር ብቻውን ነው፣ አንድ ነገር ቢሆንስ? ጨዋታውን ይጨርስና ሲመጣ እናረዳዋለን።» እሺ አልኩ። ምን ልበል? ይህ አገር ደግሞ ሬሳ አያቆይም፤ ልጁ ሳያውቅ አባቱን ቀበርነው። «አባባስ?» ሲለኝ «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል» እለዋለሁ።

አንድ ጠዋት ለቀስተኛ ቤቱን ሞልቶት፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«እማ! ዋንጫውን በላን! የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ብለው እኔን መረጡኝ! እልል በይልኝ!»

ጥቁር ለብሼ፣ ፊቴ በለቅሶ አብጦ፣ እልል አልኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈችው።

«አባባ አየኝ?»

«አይቶሃል» አልኩት። ወይ አበሳዬ!

አምስተርዳም አየር ማረፊያ ሲደርስ ለአባቱ ሊያሳየው ሜዳልያውን አንገቱ ላይ አድርጎ ወጣ። ከእህቱ ጋር ቤት ወስደን አረዳነው። ጮኸ፣ ግድግዳውን ደበደበ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እልል ስትይ ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ተቀብሮ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እሱስ ይሁን፤ አይቶሃል ለምን አልሽኝ? አየኝ ብዬ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ስደሰት አደርኩ።»

ባህላችን ነው አልኩት። ባህል ለእሱ ምኑ ነው! ይቅር ብዬሻለሁ ይለኛል፣ በአፉ። አሁንም ይጫወታል፣ ይሸለማልም፤ ሽልማቱን የምሰማው ግን ከሰው ነው። ሲደውል ደህንነታችንን ብቻ ይጠይቃል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ስለው፣ «ካሜራውን ክፈቺና እህቴን አሳዪኝ» ይላል። በቀደም እህቱ ሮተርዳም፣ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ነበረች። ሥራ ላይ ናት አልኩት። ስልኩን ዘጋው። ከዚያ መሥሪያ ቤቷ ደውሎ በሕይወት መኖሯን ጠየቀ።