የጁምዓ ምሳና አንድ ቃል

ወንድሜ ምግብ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነበር። በሩን የሚያይ ወንበር ካላገኘ አይቀመጥም። ሚስቱን ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ያስቀምጣታል፣ እኔን በጎን፣ እሱ ፊቱን ወደ በሩ። እየበላ ያያል። እየሳቀም ያያል። ያን ጊዜ እቀልድበት ነበር። አሁን እኔም እንደዚያው ነው የምቀመጠው።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ከዚያ ከወሎ ተነስቼ፣ በመተማ አድርጌ፣ ወንድሜን ተከትዬ ካርቱም ገባሁ። ታላቄ ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። ጀሪፍ ወንዝ ዳር ጡብ ይሠራ ነበር። ሚስቱን እታለም እላታለሁ። እሷ እኔን አጅሬ ትለኛለች። ከወንዙ ማዶ ካፉሪ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ እዚያው ነበር የምታድረው። የምትወጣው በሳምንት አንዴ፣ ጁምዓ ከሶላት በኋላ እስከ መግሪብ ነው። ጀሪፍ ያለችው የኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ ስድስት ወንዶች ነበርን። ሚስት ይዞ የሚገባባት አይደለችም። ስለዚህ የባልና ሚስቱ ቤት ምግብ ቤት ነበር። በሳምንት አንድ ምሳ።

ኒካሃቸውን ያሰረላቸው አንድ የአገራችን ሼህ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። በአላህ ፊት ባልና ሚስት ናቸው። በመንግሥት ፊት ግን ወረቀት የላቸውም። ሱዳኖች ያን የጋብቻ ወረቀት ገሲማ ይሉታል፤ ያለ እሱ አብረው የተገኙ ወንድና ሴት ይታሰራሉ። ገሲማ ለማውጣት መኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አንዳችንም ዘንድ የለም። አንድ ፖሊስ ገብቶ «ገሲማ» ቢል ምን እንላለን? ጋሼ በሩን የሚያየው ለዚህ ነበር። እኔን ይዘውኝ የሚወጡትም ለዚህ ነው። ስልክ የሚጠግን ሱዳናዊ ዘንድ እሠራ ስለነበር ከሦስታችን ዐረብኛ የሚቀናኝ እኔ ነኝ። ምግቡን የማዝዘው እኔ፣ የሚጠይቅ ቢመጣ የምመልሰውም እኔ። ፉል እያዘዝኩ በልቤ ሌላ መልስ እለማመድ ነበር። ሚስቱ ናት። ወረቀቱ ቤት ነው። እኔ ወንድሙ ነኝ።

ሁለት ጁምዓ አከታትለን አንድ ቤት አንገባም፤ ፊታችን እንዳይለመድ። እታለም ግን ይህንንም ወደ ጨዋታ ትለውጠዋለች። «ይህችን ከተማ በልተን እንጨርሳታለን» ትላለች። ማዮ የሚባለው ሰፈር አቧራማ መንገድ ዳር በኦቾሎኒና በበርበሬ የተለወሰ ሥጋ በእንጨት ሰክተው ይጠብሳሉ። ስሙ አጋሼ ነው። መጀመሪያ የበላን ቀን ምን እንደሚባል ስነግራት ሥጋውን ወደ ወንድሜ ፊት አስጠግታ ለካችው። «እውነትም ይመስላል። ትንሽ ግን ከሰል በዝቶበታል» አለች።

«በርበሬ አታብዢብኝ እንጂ ብዪኝ» አለ እሱ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ኦምዱርማን ወንዝ ዳር ዓሣ የበላን ቀን ነው ነገሩ የመጣው። ጋሼ ከዓሣው እሾሁን ለቅሞ፣ በዳቦ ጠቅልሎ አጎረሳት። ጣቶቹ በጭቃ ብዛት የተሰነጣጠቁ ነበሩ። እሷ አፏን በሻርፗ ሸፈነችና «በቃ ወንድምዓለም፣ ሰው ያያል» አለችው።

አስተናጋጁ ከአጠገባችን ነበር። «ወንድም?» አለ። ካርቱም ውስጥ ሁለት ሦስት የአማርኛ ቃል የማያውቅ ሰው የለም። ወደ እኔ ዞሮ በዐረብኛ «ወንድሟ ነው እንዴ?» አለኝ።

«የኔ ወንድም ነው። የሷ ባል ነው።»

«ታዲያ ለምን ወንድም ትለዋለች?»

«ስለምትወደው።»

«የኔዋ ስትወደኝም ስትጠላኝም አህያ ነው የምትለኝ» አለና ሎሚ ሊያመጣልን ሄደ።

እኔና እታለም ሳቅን። ጋሼ አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውጪ ስንሆን ይቺን ቃል ተያት። ራጅሊ በይ» አላት።

ራጅሊ ባሌ ማለት ነው። ቃሉ አዲሷ አይደለም፤ የካፉሪዋ እመቤቷ ራጅሊ ራጅሊ ስትል ነው የምትውለው።

«አልልም» አለች።

«ለምን?»

«አፍራለሁ። እንኳን በዐረብኛ፣ በአማርኛስ ባሌ ብዬ አውቃለሁ? እናቴ ስምንት ልጅ ወልዳለታለች፤ አባቴን አንድ ቀን ባሌ ስትለው አልሰማሁም።»

«ምን ነበር የምትለው?»

«አንቱ። ሲያማት ደግሞ ወንድምዓለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረክሻ ላይ ስንሳፈር እፈትናታለሁ። ረክሻ ባለ ሦስት እግሯ ታክሲ ናት፤ ሦስታችን ከኋላ ተጣብበን እንቀመጣለን። እንደ ፖሊስ ግንባሬን ቋጥሬ ወደ ጋሼ እያመለከትኩ «ዳ ሚኑ?» እላታለሁ። ይህ ማነው ማለት ነው። «ራ...» ትልና ሳቋ ይቀድማታል። አንድ ቀን «ራጅ...» ድረስ ደረሰች። ከዚያ በላይ አልሄደችም። እኔም አልጫንኳትም። ቀልድ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከተማዋ ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። ነገ ያበቃል ሲባል ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። የእታለም አሠሪዎች የቤቱን ቁልፍ ለእሷ ጥለው ወጡ። እሷም ቁልፉን በር ሥር አስቀምጣ እኛ ዘንድ መጣች። ድልድዩን እንዴት እንደተሻገረች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። አብረውን የሚያድሩት ወንዶች አንድ በአንድ ወደ ድንበር ሄደው ነበር። እኔ አንሶላ ጋርጄ ጥግ ላይ ተኛሁ። ባልና ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቤት ገቡ። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ግን አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ሦስታችንም ግድግዳው ሥር እንተኛለን፣ ከጣሪያው አቧራ ይወርድብናል። ጋሼ በሩን ያያል። ምግብ ቤቶቹ ሁሉ ተዘጉ። ምስር በውሃ፣ ከዚያም ምስር በትንሽ ውሃ ሆነ።

አንድ ጁምዓ ከኛ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ፉል ቤት የብረት በሩን በግማሽ ከፍቷል ተባለ። ጋሼ ሸሚዝ ለበሰ። «ዛሬ ጁምዓ ነው» አለ።

«አንሂድ» አልኩት።

«ቅርብ ነው አጅሬ» አለች እታለም። «ዳቦ አለ አሉ።»

አንዴ ነው አንሂድ ያልኩት። ሁለተኛ አላልኩም። እኔም ርቦኝ ነበር።

የፉል ቤቱ ባለቤት ፉሉን በሰሊጥ ዘይትና በሽንኩርት ሠራልን። በላን። ጋሼ አንድ ጉርሻ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ ሰጠን። ባለቤቱ «ኢንሻአላህ የሚቀጥለው ጁምዓ የሽንብራ ጥብሱ ተዓሚያም ይኖራል» አለን። ስንመለስ፣ ስንሄድ ባዶ የነበረው መስቀለኛ መንገድ ላይ የውሃ በርሜል ጋድመው አራት ወታደሮች ቆመው አገኘን። ወደ ኋላ ብንመለስ ይተኩሳሉ። ወደ ፊት ሄድን።

«ከየት?» አለ አንደኛው።

«ፉል ቤት» አልኩ።

«እሷ ማናት?»

«የወንድሜ ሚስት።»

«ገሲማ?»

«ቤት ነው» አልኩ። ስለማመደው የኖርኩት መልስ ነው። በትክክል ነው የወጣልኝ። ወታደሩ ግን እኔን ትቶ ጋሼን በሸሚዙ አንገት ያዘው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። እሷን ይጠይቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ዳ ሚኑ?» አላት።

ረክሻ ላይ የምላት ያቺው ጥያቄ ነበረች። አፏን ስትከፍት አየሁ። «ራ...» አለች። አልሳቀችም። ወታደሩ አንገቱን ጠበቅ ሲያደርገው ጋሼ አቃሰተ፣ ያን ጊዜ «ወንድምዓለም» አለች። ለወታደሩ መመለሷ አልነበረም። እሱን መጥራቷ ነበር።

«ወንድም» አለ ወታደሩ። ቃሉን ያውቃታል። «አንተ ባሏ ነው አልክ፣ እሷ ወንድሜ ነው አለች። ማን ነው የሚዋሸው?»

«በኛ ቋንቋ...» አልኩ። «ወንድም ሲባል... ዓለም ማለት ዱንያ ነው...»

«የዱንያ ወንድም?» አለና ሌሎቹን እያየ ሳቀ። ለአስተናጋጁ የመለስኳትን ፈለግኋት። ስለምትወደው። አንድ ቃል ናት፤ በዐረብኛም አጭር ናት። ጠመንጃ ፊት ግን ልላት አልቻልኩም። የፈራሁት ጠመንጃውን ነው፣ ያፈርኩትም ይመስለኛል። እስካሁን አልለየሁትም። ጋሼን አጠገባቸው ወደቆመው መኪና ወሰዱት። ዞሮ እኔን አየኝና «ይዘሃት ግባ» አለኝ። እኛን «ያላ» ብለው በእጃቸው አባረሩን።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጡብ ከሚሠራበት ቦታ አንድ ሰው መጣ። አብረው ታስረው እንደነበር ነገረን። የታሰሩበት ቤት ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ወንድሜን በእጁ እንደቀበረው ነገረን። ሳይቀመጥ ሄደ፤ እሱም ፈርቶ ነበር። አስከሬኑን አላየሁም። የጀናዛ ሶላቱን በሌለበት ሰገድኩለት፣ ብቻዬን፣ ጫማው ከተቀመጠበት አጠገብ።

እታለም ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት የምትቀመጠውን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ በዚያች ክፍል ተቀመጠች። ዳቦ ፍለጋ የምወጣው እኔ ነበርኩ። የሚጠይቀኝ ባይኖርም መልስ እየተለማመድኩ እሄዳለሁ። እሷ በዚያን ሁሉ ጊዜ «ወንድምዓለም» የምትለዋን ቃል አንዴም አላነሳቻትም፣ እኔም አላነሳሁባትም። ዒዳዋ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ሻርፗን ለበሰችና በሩ ላይ ቆመች።

«ጁምዓ ነው። እንውጣ» አለችኝ።

አንሂድ ልላት ነበር። አላልኳትም።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ወታደር አልነበረም፣ በርሜሉ ብቻ ቀርቷል። ፉል ቤቱ ግን ክፍት ነው። ተቀመጥን፤ በሩን የሚያየውን ወንበር እኔ ያዝኩ። ከጎናችን አንድ ወታደር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይበላል። ጋሼን የያዘው ይሁን ሌላ አላወቅኩትም፣ ፊቱን ቀና ብዬ አላየሁም። ባለቤቱ ፉሉን አስቀምጦ ሦስት ዳቦ ደረደረ። «ወንድምህስ የት ነው?» አለኝ፣ በፈገግታ።

ወታደሩ ማኘኩን ያቆመ መሰለኝ።

«ሥራ ላይ ነው» አልኩ።

እታለም የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። ባለቤቱን እያየች፣ በዐረብኛ፣ ሳትንተባተብ፣ «ራጅሊ ማት» አለች። ባሌ ሞቷል።

ወታደሩ ቀና ብሎ አያት። እኔ በሩን አየሁ። ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ እጇን ይዤ መሮጥ እችል እንደሆነ አሰብኩ።

«አላህ የርሐሙ» አለ ወታደሩ፤ አላህ ይዘንለት ማለቱ ነው። እጁን ወደ ሳህኑ መለሰ።

ባለቤቱ ሦስተኛውን ዳቦ አነሳ። እኔ የጠቀለልኩትን ዳቦ ሳህኑ ጠርዝ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። እሷ ከፉሉ ጠቅልላ በላች፣ ደግማ ጠቀለለች።

«ብላ አጅሬ» አለችኝ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው ያያል።»