ቅዳሜ ሦስት ሰዓት

ወንድም ጋሼ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበር። አስተማሪ እንዳይመስላችሁ፤ የአስተማሪዎቹን ብልቃጥ አጣቢ ነው። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ ዳማ ያዙ፣ እሱ ወንዙን ያዘ። የሁለት ቀን የበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና ወስዶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከድልድዩ ሥር ይወርዳል። ውሃ ይቀዳል፣ መመርመሪያ ወረቀት ይነክራል፣ ቀለሙን ከሰንጠረዡ ጋር አስተያይቶ ሰማያዊ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሰፈሩ «ባለጠርሙሱ» ይለዋል።

የጀመረው ለእኔ ለእህቱ ብሎ ነው፤ ይሄን አልክድም። ከድልድዩ በታች ሰላጣና ካሮት አለማለሁ። ከላይ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ በወንዙ ውሃ አትክልቱን ሳጥብ እጄ ይላላጥ ጀመር። «ያለ መረጃ ማንም አይሰማሽም፤ እኔ እሰበስብልሻለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ!

ወረቀቱ ግን ቅዳሜ ምንም አያሳይም። እጄ የሚቃጠለው ማክሰኞ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ማክሰኞ ና።»

«አይሆንም። ቀንና ሰዓት ከተቀያየረ ልኬቱ አይነጻጸርም። ሥልጠናው ላይ የተነገረን ይሄ ነው።»

«እጄን አታየውም እንዴ?»

«ስሜት መረጃ አይሆንም፣ እህቴ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔ ወንድም ሁለቱንም ሆነብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ! ዶፍ ቢወርድ፣ ጉልበቱ ቢያብጥ አይቀርም። ሚስቱን ረቡዕ ቀብሮ ቅዳሜ ጠርሙሱን ይዞ ወርዷል። የፋብሪካው ዘበኛ ከአጥሩ ማዶ «አባባ፣ ዛሬም ሰዓትዎን አከበሩ!» ይለዋል። እሱም ይኮራል፣ መጥቶ ይነግረኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይሄ ነው።

ባለፈው ወር ፋብሪካው ወደ ወንዙ ሁለተኛ የፍሳሽ ቱቦ ልዘርጋ ብሎ አመለከተ፤ ቱቦው የሚወርደው በእኔ ማሳ ጫፍ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራ፣ የወንድሜንም ደብተር ጠየቀ።

«አትስጣቸው» አልኩት።

«መረጃ አይደበቅም» ብሎ ሰጠ።

በስብሰባው ተነስቼ ሁለት እጄን ዘርግቼ አሳየሁ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ከዚያ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሰማያዊውን ደብተር ገለጠ። «ከሦስት መቶ ቅዳሜ በላይ ተለክቷል» አለ። «አንድም ቀን ችግር አልተገኘም። የጻፉት ደግሞ የእኚሁ እመቤት ወንድም ናቸው።» ወይ ነዶ! በገዛ ወንድሜ እጅ ጽሑፍ! አዳራሹ አጨበጨበ፣ ለእሱም የምስጋና ወረቀት ሰጡት። ፈቃዱ እዚያው ተፈረመ።

ስንወጣ ዘበኛው በር ላይ ጠብቆ የወንድሜን እጅ ያዘ። ዓይኑን ቀና አላደረገም።

«አባባ፣ እኔ እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እርስዎ ሳይመጡ ቱቦውን ዝጋ እባላለሁ፤ ሲሄዱ እከፍተዋለሁ። ማክሰኞ ደግሞ የቀለም በርሜሎቹ የሚታጠቡበት ቀን ነው። በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ አይናገሩብኝ።»

ወንድም ጋሼ የምስጋና ወረቀቱን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር እንደያዘ ቤቱ ገባ።

ማክሰኞ ካሮት ሳጥብ ከድልድዩ በኩል ሲወርድ አየሁት። ጠርሙስ አልያዘም። አጠገቤ ቁጢጥ አለና እጅጌውን ሰብስቦ እጁን እስከ አንጓው ውሃው ውስጥ ነከረ። ብዙ ቆየ። ሲያወጣው ቀልቷል።

«ያቃጥላል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ስሜት መረጃ አይሆንም» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ያን ያህል ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ይቅርታም አላልኩም። እሱ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እንደ ልማዱ ለመጻፍ ኪሱን ዳበሰ። እስክሪብቶው አለ። ደብተሩ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ የፋብሪካው ማስረጃ ተብሎ ማኅተም ተመቶበታል።