ሳሙና የሚሸተው አባት

የአዲስ ቅዳሙ ከሰል አክሳይ ደሞዝ ሰው አያምንም። ራሱ ከጆንያው አፍ ላይ ደህና ደህናውን፣ ከሥር ድቃቂውን ስለሚያደርግ ሰው ሁሉ እንደሱ ይመስለዋል። ሚስቱ ታይቱ ጤና ጣቢያ ስትወልድ ከጎኗ ሌላ ሴት ወልዳለች። «ሕፃናቱ ተለዋውጠው ቢሆንስ?» ይላል።

ማስረጃም አለው፤ ባቀፈው ቁጥር ሕፃኑ እሪ ይላል። አማቱ እትዬ ዘውድነሽ «ከእሳት መጥተህ አራሷን ምች ልታስመታት ነው?» እያሉ፣ በሳሙና ተፈግፍጎ ልብስ ካልቀየረ ደጃፉን አያስረግጡትም። ታጥቦ ገብቶ የልጁን ጆሮ በመስታወት ከራሱ ጆሮ ጋር ያስተያያል። ልጁ ያለቅሳል። «የኔ ቢሆን ይሸሸኝ ነበር?»

ትናንት አማቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ደሞዝ ከከሰሉ ክምር ሲመለስ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ታይቱ «ኧረ ተቀበለኝ፣ እጄ ዛለ!» አለችው። ሳይታጠብ፣ ጭስ በጠገበው ካፖርቱ አቀፈው።

ሕፃኑ ዝም አለ። አፍንጫውን ካፖርቱ ውስጥ ቀብሮ አሸተተና እንቅልፍ ወሰደው።

ታይቱ ሳቀች። «እርጉዝ ሆኜ ካጠገብህ ከሰል ሳዳፍን የከረምኩት እኔ አይደለሁ? የኔም ጋቢ እንዲሁ ነው የሚሸተው።»

ደሞዝ አንገቱን ደፋ። ለካ ልጁም የአባቱ ልጅ ኖሯል፤ ያን ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰውዬ ሲጠረጥረው ነው የከረመው።