በእናቴ ቅቤ የተገዙ ሥዕሎች

ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ሥዕል ሰብሳቢዎች ስንማር፣ የተጠቀሱት በሙሉ ወንዶች ነበሩ። እኔ በቅርብ የማውቀው ሰብሳቢ ግን እናቴ ናት።

አባቴ አምቦ ውስጥ መምህር ነበር፤ እናቴ ደግሞ ላሞች ነበሯት። በእኛ አካባቢ ወተቱና ቅቤው የሚስት ነው። ባል የቅቤውን ገንዘብ የት እንዳደረሰችው አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ ጎረቤት ይስቅበታል። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ሸጣ አቡጀዲ ትገዛና፣ ለቀበሌው መፈክር እየጻፈ ወደሚተዳደር አንድ ሠዓሊ ትሄዳለች። ሠዓሊው ከመፈክሩ በተረፈው ቀለም እሷ ያዘዘችውን ይሥላል፦ የጌዶን ገበያ፣ ዝናብ የመታውን ማሳ፣ የወንጪን ፈረሶች። ፈረሶቹ ሁሉ ቀይ ነበሩ።

"ሌላ ቀለም የለህም?" ስትለው፣

"መፈክር በቡኒ አይጻፍማ፣ እትዬ!" ይላታል።

ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች አይቶ የሚያደንቀው አባቴን ነበር። አባቴም "እንዲያው ሥዕል ደስ ይለኛል" ይል ነበር።

አንድ ቀን የባህል ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ሥዕሎቹን ሊዋስ መጣ።

"ጋሼ፣ ሰብሳቢ ብለን የርስዎን ስም እንለጥፋለን" አለው አባቴን።

"የእኔ ስም ይለጠፍ" አለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ።

ሰውየው ሳቀ። "አባወራው እዚህ ቁጭ ብለው፣ እትዬ?"

"ያው አንድ ቤት ነው፣ ጓድ" አለ አባቴ።

"እንግዲያው አንተ የገዛኸውን አውርደህ ስጣቸው" አለችው።

አባቴ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከሰዓቱ በቀር እሱ የገዛው አልነበረም።

ሰውየው የጌዶ ልጅ ስለሆነ የአካባቢያችንን ወግ ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በቅቤ ነው የገዟቸው?" አላት።

"በቅቤ ነው።"

ከዚያ ወዲያ አባቴን ምንም አልጠየቀውም። "ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ" አላት።

በመክፈቻው ቀን ከየሥዕሉ ሥር የእናቴ ስም ተለጥፏል። ሊያዩ የመጡት ሰዎች ግን ያንን እያነበቡ አባቴን ይጨብጡ ነበር። አባቴ መጀመሪያ እጁን እየዘረጋ ተጨባበጠ። በኋላ ግን "ሰብሳቢዋ እሷ ናት" ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አንድ የሥራ ባልደረባው ወደ እናቴ ዞረና "ለመሆኑ አስፈቅደሽው ነበር?" አላት።

"ለቅቤ ደግሞ ማን ያስፈቅዳል!" አለች።

ከሁሉም ቀድሞ የሳቀው አባቴ ነበር።