አጣቢዋ ሙሉካና የሆስፒታሉ ድራማ

ሙሉካ ጎባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ልብስ አጣቢነት የተቀጠረችው በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። መንግሥት ከተለወጠ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ባሏ ጎሮ ገጠር ውስጥ በሞተ በዓመቱ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ወጣች። መጀመሪያ በቀን ሠራተኝነት፣ ኋላ በቋሚነት፣ ሃያ አራት ዓመት አንድ ገንዳ ላይ አጎንብሳ ኖረች። ልጆቿን ያስተማረችውም የዳረችውም ከዚያው ገንዳ በወጣ እንጀራ ነው።

ሥራው ጉልበት ይበላል። ከሰኔቲ ተራራ የሚወርደው ብርድ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ገመድ ላይ ያደረውን አንሶላ ቆርቆሮ ያስመስለዋል፤ ጠዋት ሲያነሱት ይንኳኳል። በረኪናው መዳፏን ልጦ ልጦ አንጥቶታል። ከኦፕራሲዮን ክፍል አረንጓዴው ጨርቅ በጥቅል ይመጣላታል። ትፈታዋለች፣ በቀዝቃዛ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ደም መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ካገኘው ጨርቁን አይለቅም። የታማሚዎቹን ፊት አታይም። ጨርቁን ስታይ ግን የወላዷን ከተሰበረው፣ የትርፍ አንጀቱን ከቁስለኛው ትለያለች። ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ ይህን እንደ እውቀት ቆጥራው አታውቅም።

ጠያቂ ያመጣላት ቴሌቪዥን ነው። ሁለት ሺህ ስምንት ሊያልቅ ሲል ጎረቤቷ ሰይዳ ዲሽ አስገባች። ሰይዳ ሱቅ ያላት፣ ከሙሉካ ጋር እኩያ የሆነች፣ ቤቷ ሰው ካልሞላ የማይሞቃት ሴት ናት። በዚያ ሰሞን ከውጭ መጥቶ በአማርኛ የተተረጎመ አንድ የሆስፒታል ድራማ የሰዉን ሁሉ ልብ ይዞ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ የሳምንቱ ክፍሎች ተከታትለው ሲደገሙ፣ የሰፈሩ ሴት ጫማውን ደጅ እያወለቀ ሰይዳ ሳሎን ይሰበሰባል። አማርኛው ለፈጠነባቸው ሰይዳ በኦሮምኛ ትመልስላቸዋለች። ስትመልስ ግን የራሷንም ስለምትጨምርበት፣ አንዳንዷ ሴት ድራማው ውስጥ የሌለ ነገር አይታ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ሙሉካ የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብላ አየች። በሁለተኛው ቀን ነርሷ በደም የራሰ አንሶላ አንስታ እንፋሎት የሚወጣው ውሃ ውስጥ ስትከተው፣ ሙሉካ ሳታስበው ጮኸች።

«ኧረ አበላሸችው!»

«ማንን? ልጁን?» አለች ሰይዳ ደንግጣ።

«አንሶላውን።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ በኋላ ግን አንዷ «ለምን ተበላሸ?» ብላ ጠየቀች። ሙሉካ ስለ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ አስረዳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኛ ሆነች። ሐኪሙ ሮጦ ሲመጣ፣ መርፌ ሲወጋ፣ ማሽኑ ሲጮህ፣ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል።

«እውነት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ የማውቀው ጨርቁን ነው።»

«እሺ፣ ጨርቁ እውነት ነው?»

ስለ ጨርቁ አታመነታም። ሐኪሙ ሰው ሆድ ከፍቶ ሲወጣ ልብሱ ላይ አንዲት ጠብታ አለመኖሯን ታሳያቸዋለች። ጠዋት የተጎዳው ሰውዬ ሸሚዝ ከሰዓትም እንደ በርበሬ ቀይ መሆኑን አይታ «ደም ሲውል ይጠቁራል፤ ይሄ ቀለም ነው» ትላለች። ልክ የሆነውንም ልክ ነው ትላለች። አንድ ቀን በድራማው ነርሷ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ደም የጠጡትን ፋሻዎች አንድ ሁለት ብላ ስትቆጥር፣ ሰይዳ «ደግሞ ይሄ ምን ያደርጋል?» አለች።

«ይሄስ እውነት ነው» አለች ሙሉካ። «ሆድ ውስጥ ተረስቶ እንዳይሰፋ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ፋሻ ጎደለባቸውና አንዲት ነርስ እየሮጠች እኔ ጋ መጣች። ሰውየው ሆዱ እንደተከፈተ ነው፤ ሐኪሙ ቆሞ ይጠብቃል። ጥቅሉን በትነን ስንፈልግ የአንሶላ እጥፋት ውስጥ ተጣብቆ አገኘነው። ይዛው ስትሮጥ ቆሜ አየኋት።»

ለጥቂት ጊዜ ድራማውን ያየ ሰው አልነበረም። ሰይዳ ግቢ የተከራየችው መምህርት ሰርክአዲስ ብቻ ትንሽ ቅር አላት። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ድራማውን የምታየው ለሐኪሙና ለነርሷ ፍቅር ስትል ነው። «አዴ ሙሉካ፣ በፈጠረዎት፣ ፍቅራቸውን እንይበት» አለች።

ከሴቶቹ መካከል ዙሀይራ የምትባል የአርባ ዓመት ሴት ነበረች። ከሪራ ማር እያስመጣች ጎባ ገበያ የምትሸጥ፣ ባሏ አብዱልመሊክ ሮቤ መንገድ ላይ ጋሪ የሚነዳ፣ አምስት ልጆች ያሏት ናት። ድምፀ መረዋ ናት። ለሼክ ሁሴን ጉዞ መኪና ተኮናትረው ሲሄዱ መንዙማውን የምታወጣው እሷ ነች፤ ሌላው ይቀበላታል። አንገቷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ያደገ እንቅርት ነበራት። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከብዶ፣ ጋደም ስትል ትንፋሿን ይይዛት ጀመር። ዶክተር ክብሩ የሚባለው ቀዶ ሐኪም አይቷት ቀን ቆርጦላታል። ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድራማው አንድ ክፍል አመጣ፤ የዋናዋ ነርስ እናት እንቅርት ልትወጣ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ሞተች። ደሙ ወለሉ ላይ እስኪንጣለል ፈሰሰ። ሴቶቹ አለቀሱ። ዙሀይራ ሻሿን አንገቷ ላይ ጎትታ፣ ክፍሉ ሳያልቅ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት አብዱልመሊክ የሙሉካን በር አንኳኳ። ገብቶም ለመቀመጥ አልፈለገም።

«አልገባም አለች» አለ። «የቀጠሮውን ወረቀትም ልትቀደው ነበር፤ ከእጇ ነጠቅኳት። አዴ ሙሉካ፣ እርስዎን ትሰማለች። ውሸት ነው ይበሏት።»

«ውሸት ነው ብዬ ልማልላት?»

«ፊልም አይደል እንዴ?»

«ፊልም ነው። ሰው ግን ኦፕራሲዮን ላይ ይሞታል፣ አብዱልመሊክ። የሞቱትን ጨርቅም ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። ሙሉካ ነጠላዋን ደርባ ተከትላው ወጣች።

ዙሀይራ ጓዳ ውስጥ ማር ከእንስራ ወደ ጀሪካን ትገለብጥ ነበር። ቀና ብላ ሙሉካን ስታይ የመጣችበት ነገር ገባት።

«ላከዎት አይደል?»

«ልኮኛል። ግን እሱ በይ ያለኝን ልልሽ አልመጣሁም» አለች ሙሉካ፣ ዱካ ስባ እየተቀመጠች። «ያየሽው እንዳለ ውሸት ነው ብልሽ እዋሻለሁ። ሰው ይሞታል። ያን ያህል ደም ግን ከእንቅርት ሲመጣ አላየሁም። የወላድ ጨርቅ ሦስት ውሃ ይፈጃል። የቁስለኛው አራትም አምስትም። የእንቅርት ጨርቅ አንድ ውሃ ይበቃዋል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከአንዴም ሁለቴ ሦስት ውሃ የፈጀ አጋጥሞኝ ይሆናል፤ ከዚያ አላለፈም።»

«ያ ሁለት ጊዜ... ሴቶቹ ሞቱ?»

«አላውቅም። የእኔ ሥራ እዚያ አይደርስም።»

ዙሀይራ ጀሪካኑን ከደነች። «አንድ ውሃ» አለች ለራሷ። በሳምንቱ አብዱልመሊክ መጥቶ «እገባለሁ ብላለች፤ አላህ ይስጥዎት» አለ።

ኦፕራሲዮኑ ረቡዕ ቀን ተደረገ። ከሰዓት በፊት ጥቅሉ ማጠቢያ ክፍል ደረሰ። ሙሉካ የማን እንደሆነ ጠይቃ ፈታችው። ጥቂት ነበር፤ መሃሉ ላይ ሁለት መዳፍ የሚያክል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ወዲያው ለቀቀ። «አልሐምዱሊላህ» አለችና አጥባ አሰጣችው። በዚያ ቀን ሥራዋ ቀለላት።

ማምሻውን ልትጠይቃት ክፍሏ ገባች። ዙሀይራ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሙሉካን ስታይ ፈገግ ብላ አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። የክፍሉ ነርስ «ጉሮሮዋ በመተንፈሻ ቱቦው ቆስሎ ነው፤ ይመለሳል» አለች። ሙሉካም አመነች።

ሳምንት አለፈ። ቁስሉ ደረቀ፣ ክሩ ወጣ፣ ዙሀይራ ጋደም ብላ ያለ ችግር ትተነፍስ ጀመር። ድምጿ ግን አልመጣም። ከወር በኋላ የመጣውም የተሰነጠቀ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ የሚቆም ነበር። ገበያ ላይ ደንበኛ ስትጠራ የሚሰማት ስለጠፋ ልጇ መርዋ ከጎኗ ተቀምጣ ትናገርላት ጀመር። በዚያ ዓመት የሼክ ሁሴን ጉዞ ሲሄዱ መንዙማውን ሌላ ሴት አወጣች። ዙሀይራ ከኋላ ወንበር ሆና እያጨበጨበች ሄደች።

ከጉዞው በተመለሰች ማግስት ሙሉካ ቤት መጣች። አልተቆጣችም። ቢሆንም ዓይኗ ሙሉካ ፊት ላይ ተተክሎ ቀረ።

«አንድ ውሃ አሉኝ» አለች በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ። «አንድ ውሃ ሆነ። ይሄን ግን አልነገሩኝም።»

«ድምፅ እኔ ጋ አይመጣም፣ ዙሀይራ» አለች ሙሉካ። «ወደ እኔ የሚመጣው ጨርቅ ብቻ ነው።»

ዙሀይራ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «ይውሰዱ» ብላ ለሙሉካ የልጅ ልጅ ያመጣችውን ማር አስቀምጣ ሄደች።

ሙሉካ በሃያ አራት ዓመት ሐኪም ጠይቃ አታውቅም። ሐኪሞቹ ይመጣሉ፣ ይዘዋወራሉ፤ እሷ ሰላምታ ሰጥታ ታልፋቸዋለች። በሚቀጥለው ሰኞ ግን እጇን አድርቃ፣ ሽርጧን ፈታ፣ ዶክተር ክብሩን ቢሮው በር ላይ ጠበቀችው። ሰውየው ከሐረር የመጣ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ፍጥን ፍጥን የሚል ሰው ነው።

«ምነው እትዬ ሙሉካ? ጨርቅ ጎደለ?» አላት።

«አይ፣ ዶክተር። ስለ ዙሀይራ ነው። ድምጿ የት ሄደ?»

ሊሄድ የነበረው ሰውዬ ቆመ። ወንበር ሰጣትና አስረዳት። ከእንቅርቱ ጀርባ ልክ እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ ያልፋል። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። እንቅርቱ ትልቅ ሲሆንና ዓመታት ሲቆይ ነርቩ ላይ ይጣበቃል፤ ሲለዩት ሊጎዳ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ያገግማል። አንዳንዴ አያገግምም። ባይወጣላት ደግሞ ትንፋሿን ይዘጋው ነበር።

«ይህን ነግረዋት ነበር?»

«የገባች ዕለት ነግሬያታለሁ። ባለቤቷም አጠገቧ ነበር። ገብቶኛል ብላ ነው የፈረመችው።»

ሙሉካ ይህን ለዙሀይራ ወስዳ ነገረቻት። ዙሀይራ አሰብ አድርጋ አልካደችም።

«ብሏል» አለች። «አሁን ሳስበው ብሏል። 'ድምፅሽ' ሲል ሰምቼዋለሁ። ያኔ ግን የዚያችን ሴትዮ ደም ነበር የማየው፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን። ከሞት ሌላ ምንም ቢለኝ አይሰማኝም ነበር። አትሞችም ሲለኝ ፈረምኩ።»

ድምጿ በስምንተኛው ወር ገደማ ከፊሉ ተመለሰ። ወፍራም ሆኖ ነው የተመለሰው። ስልክ ሲደወልላት የማያውቋት ሰዎች ወንድ እየመሰለቻቸው «አንተ» ይሏታል፤ መጀመሪያ ያናድዳት ነበር፣ ኋላ እሷም ትስቅበት ጀመር። መንዙማ ግን አላወጣችም። ሙሉካ ሰይዳ ቤት መሄዷን አልተወችም፤ «እውነት ነው?» ሲሏት ግን ትከሻዋን ትሰብቃለች። ሰርክአዲስም ፍቅሩን ያለ አስተያየት አየች። ሐኪሙና ነርሷ ተጋቡ፣ ድራማው አለቀ።

ዶክተር ክብሩ ስለ ዙሀይራ ከጠየቀችው ቀን በኋላ ሙሉካን ባየ ቁጥር ይቆም ጀመር። አንድ ረቡዕ፣ ኦሮምኛ ብቻ የምትናገር የእንቅርት ታማሚ አጋጥማው አስተርጓሚ ሲያጣ፣ ሙሉካን ከገንዳው አስጠራት። እሱ የሚለውን አንድ በአንድ ወደ ኦሮምኛ መለሰች። ሲጨርስ ግን አልተነሳችም። ወደ ሴትዮዋ ዞራ በኦሮምኛ «አሁን ምን አለ? አንቺ ንገሪኝ» አለቻት። ሴትዮዋ «አይጎዳኝም አለ» አለች። ሙሉካ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ዶክተር፣ እንደገና ይበሉት።»

ነገሩ ልማድ ሆነ። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ግማሽ ሰዓት እዚያ ትቀመጣለች። ደመወዝ አልተጨመረላትም፤ ጠይቃም አታውቅ። አለቃዋ አንድ ሁለቴ አጉረመረመና ተወው። አንዳንዷ ሴት ሁለቴ፣ አንዳንዷ አራቴ ከተነገራት በኋላ ነው በራሷ አፍ መልሳ የምትለው።

ሁለት ሺህ አስር ላይ ዳቢሴ የምትባል ከሪራ የመጣች ሴት ሦስቴ ተነግሯት ሁሉንም በትክክል መለሰች፤ ነርቩን፣ ድምፁን፣ ደሙን፣ ባይወጣ የሚመጣውንም ጭምር። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ «እንግዲያው ላስብበት» ብላ ተነሳች። ዶክተር ክብሩ ሙሉካን አያት፤ እንድትመክራት የፈለገ ይመስላል። ሙሉካ ግን ግቢም ተዪም አላለቻትም። የሪራ መኪና ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚወጣ ነግራት፣ ቦርሳዋን አንስታ እስከ መናኸሪያው መንገድ ሸኘቻት።