ክረምት ሲገባ ጦር አይንቀሳቀስም

አፌ ክፉ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ክርክር ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ዝም ካልኩ ሆዴን ይቆርጠኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንተ ከመቃብርህ ተነስተህም መልስ ትሰጣለህ» ትለኝ ነበር። ያኔ ምርቃት ይመስለኝ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ከሚኖሩባቸው በቁጥር ከሚጠሩ አምባዎች በአንዱ ነው። አሁን ከተማው ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከክፍል ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድም፤ በቀጥታ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ወዳለችው ሻይ ቤት ነው። ሻይ ቤት ማለቱ እንኳ ማጋነን ነው። አንድ ትልቅ ማንጎ ዛፍ፣ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች፣ ከድባጤ ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ሴት የምታፈላው ሻይ፤ በቃ።

ቦታውን «ምክር ቤቱ» እንለዋለን። ቋሚ መቀመጫ ያለን ሰዎች አለን። ግንዱን ተደግፎ የሚቀመጠው እኔ ነኝ። ከፊት ለፊቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ ይቀመጣል፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ወደ ሌላው የማይሻገር ሰው። የሱ እርጋታ እኔን ያናድደኛል። ስለ ግድቡ፣ ስለ ባሕር በር፣ ኃያላኑ ከማን ጋር ቢወግኑ ለማን እንደሚበጅ፣ እኛ ያልፈታነው ጉዳይ የለም። የሰፈራችንን የውሃ ቧንቧ ማስጠገን አቅቶን የዓለምን ድንበር ስናካልል እንውላለን። ሻይ የምታፈላው ሴት «እናንተ አገር ስታስታርቁ ሻዩ ቀዘቀዘ» ትለናለች።

ባጃጅ ሾፌሮቹ ወንበር ስለማይበቃቸው ቆመው ይሰማሉ፤ ታዛቢ እንላቸዋለን። ከነሱ አንዱ አርባ ዓመት የሚሆነው የበርታ ሰው ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ከሰል በአህያ ያመጣ ነበር። ከዘመዶቹ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ሱዳን ነው፤ ለነሱ ድንበር ማለት ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ የሚያልፉበት መንገድ ነው። እናቱ ማዶ፣ እህቱ ዘንድ ትኖራለች። ይህ ሰው ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እኔ ስናገር ዐይኑን ከኔ አይነቅልም። እኔም፣ ምን ይደረግ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

የሱዳን ጦርነት መጀመሪያ ላይ ለኛ ሩቅ ነበር። ውሎ አድሮ ተጠጋ፤ ስደተኛ የጫኑ መኪናዎች በከተማችን ማለፍ ጀመሩ። ምክር ቤቱም ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ያዘ። አንድ ቀን፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ የግብርና ባለሙያው ውጊያው በዚህ ክረምት ከድንበሩ ማዶ ወዳሉት መንደሮች መውረዱ አይቀርም አለ። እኔ ነገሩን አስቤበት አላውቅም ነበር። እሱ ስላለው ብቻ ተቃወምኩ። እውነቱ ይኼው ነው፤ እሱ «አይወርድም» ቢል ኖሮ እኔ «ይወርዳል» እል ነበር።

ስንጥር አንስቼ እርጥቡ መሬት ላይ ካርታ ሣልኩ። ለከተሞቹ የለስላሳ ቆርኪ ደረደርኩ። ከዚያ የክፍል ድምፄን አወጣሁ። ማዶ ያለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ጎማ ይውጣል አልኩ። መኪናው የተያዘበት ጦር ስንቅም ጥይትም አይደርሰውም። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ጦር አይንቀሳቀስም፤ እስከ መስከረም እፎይ ነው። አቤት እንዴት እንዳማረልኝ! ባለሙያው ካርታውን አየት አድርጎ «እስቲ ይሁን» አለ፤ ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ሽንፈት ነው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሾፌሮቹ «ዛሬም ጦር አይንቀሳቀስም» እያሉ ይሳሳቁ ጀመር። ንግግሬ መንገድ ላይ ሲደጋገም ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ሳምንት አልፎት ይሆናል፤ አንድ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል ስልኬ ጠራ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ድንበሩ ላይ ስደተኞች በሚመዘገቡበት ቦታ ይሠራል። የደወለው ትምህርት ቤት ስለቀረ አንድ ማስረጃው ነበር። ጉዳዩን ከጨረስን በኋላ ሥራ እንዴት ነው አልኩት። ካለፉት ሁለት ቀናት ወዲህ ሰው እየበዛ ነው አለኝ። በእግራቸው ነው የሚመጡት። ታጣቂዎቹ በሞተር ብስክሌት፣ በቀጭን በቀጭን መንገድ ነው የሚገቡት፣ ጭቃው አልያዛቸውም ይላሉ አለ። አይዞህ በርታ ብዬ ዘጋሁት። ሞተር ብስክሌት! እኔ ያን ሁሉ ቆርኪ ስደረድር ሞተር ብስክሌት የሚባል ነገር አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ይህን ስጽፍ ራሴን ለማዳን አይደለም፤ በእርግጥ ልነግራቸው ነበር። ገና ሳልቀመጥ ግን የግብርና ባለሙያው ፈገግ ብሎ፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ፣ ነገሩ እየቀረበ ነው የሚል ወሬ እንደሰማ፣ የኔ ዋልካ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አንዱ ሾፌር ሳቀ። ያቺ ሳቅ አቃጠለችኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ወሬ ወሬ ነው፣ እኔ የምናገረው ሳይንስ ነው አልኩ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብዬም ጨመርኩበት፤ ሳቁልኝ። ጠዋት የሰማሁትን ዋጥሁት።

ያን ጊዜ ነው ያ የበርታ ሾፌር የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደኔ ቀረብ ያለው። አማርኛው የትምህርት ቤት ሳይሆን የገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ይጠራል።

«መምህር፣ እናቴ ማዶ ነው፣ እህቴ ጋር። ሐሙስ ሄጄ ላመጣው ብዬ ነበር። እናቴ ግን አርጅቷል፣ ጉልበት የለውም፣ መንገድ ጭቃ ነው። ላምጣው ወይስ ክረምቱ ይለፍ?»

የግብርና ባለሙያው ከኔ ቀድሞ፣ እኔ ብሆን ዛሬውኑ እሄድ ነበር አለው። ሰውየው አልሰማውም ማለት ይቻላል፤ የሚያየው እኔን ነው። እኔም አየሁት። የጠዋቱ ስልክ አልጠፋኝም፤ ተማሪዬ ያለውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ባለሙያውም ይጠብቃል።

«ይቆዩ» አልኩት። «አሮጊት በዝናብ አታንከራትት። በኔ ይሁንብህ።»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሹክራን መምህር» አለኝ።

በማግስቱ ከግቢው የለቀመውን ማንጎ በማዳበሪያ ሞልቶ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ልጆቼ ሳምንት ሙሉ በሉት። እኔም በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር። በነዚያ ቀናት አንዳንዴ ለሰውየው ልደውልለት አስባለሁ፣ ቁጥሩንም አውጥቼ አየዋለሁ፤ ከዚያ ምናልባት ምንም አይፈጠርም፣ በከንቱ ማስፈራራት ነው እያልኩ እተወዋለሁ። ደግሞ ብደውል ምን እላለሁ? «ያን ቀን እያወቅሁ ነው የዋሸሁህ» ልበል? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ አፍ ግን ሲያመልጥ በደንብ ታውቆኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰውየው ባጃጅ ከመቆሚያው ጠፋች። ሦስት ቀን ስትጠፋ ጠየቅሁ። ሻይ የምታፈላው ሴት ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ «አልሰማህም እንዴ መምህር? እናቱ ሞተዋል፤ ማዶ» አለችኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ የራሴ ቦታ ላይ ግን አይደለም።

ለቅሶ የሄድነው እኔና የግብርና ባለሙያው አብረን ነን። መንገዱን ሙሉ ከኔ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ወንዶቹ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የገባ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ለሟች ፋቲሐ ያደርሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል። እህቱ ከልጆቿ ጋር ከጎጆው በር ላይ ነበረች፤ ከሦስቱ ልጆች ትንሹ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

አንድ ሽማግሌ ሰውየውን እንዴት እንደሆነ ጠየቁት፤ እሱም ነገራቸው። ተኩሱ መንደሩ የደረሰው ጎህ ሲቀድ ነው። እህቱ እናቷን አህያ ላይ ጭና ከልጆቿ ጋር ወጣች። በበጋ ረግጠው የሚሻገሩት ኾር፣ የክረምት ወንዝ ማለት ነው፣ እስከ አፉ ሞልቶ ጠበቃቸው። ዳሩ ላይ አራት ቀን ተቀመጡ፣ ከላይ ዝናብ፣ ከፊት ውሃ። እናቱ በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው፣ በአራተኛው ሞቱ። እዚያው ዳሩ ላይ ቀበሯቸው። በማግስቱ ውሃው ጎደለ።

እኔ ጦር ያቆማል ያልኩት ዝናብ ነው ያቆማቸው። ጦሩን አላቆመም፤ አሮጊቷን አቆመ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ክረምቱ ሲገባ ኾሩ እኮ ገና እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፣ ለምን ቀድመህ አላመጣሃቸውም አሉት። እሱ ወደኔ ዞረ። በፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

«ላመጣው ነበር» አለ። «መምህር ይቆይ አለኝ። መምህር መሬት የተማረ ሰው ነው። እሱ እንኳ አላወቀም፤ ሌላ ሰው ማን ያውቃል? የአላህ ነው።»

ሽማግሌው በአክብሮት እጅ ነሱኝና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የግብርና ባለሙያው እጆቹን ያያል። «አውቅ ነበር» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ሁለት ቃል ነው። ስለ ዓለም ሁሉ ስለፈልፍ የኖርኩ ሰው ሁለት ቃል አቃተኝ። «አላህ ይማራቸው» አልኩና ተቀመጥኩ። ገንፎ በባሚያ ቀረበ። ብሉ አሉን፤ በላሁ።

ከዚያ በኋላ ወር ያህል ወደ ምክር ቤቱ አልሄድኩም። ለሚስቴ ፈተና እያረምኩ ነው አልኳት። እሷ ሞኝ አይደለችም፤ «አንተ ዝም ስትል ያስፈራል» አለችኝ። እሷንም አልነገርኳትም። አባቴና እናቴ እዚህ አገር ሲመጡ መሬቱን የማያውቁ፣ ወባ የጣላቸው ሰዎች ነበሩ። የትኛው ውሃ እንደሚጠጣ፣ ማሽላው መቼ እንደሚዘራ ያሳዩዋቸው የዚያ ሰው ወገኖች እንደሆኑ አባቴ ሲያወራ ነው ያደግሁት። እነሱ ያሳዩን ትክክለኛውን ነበር። በልጅነቴ የሰማሁት ይህ ወሬ ያን ሰሞን አላስተኛ አለኝ።

ዝናቡ መቅለል ሲጀምር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሬ ወሰደኝ። አግዳሚው ሞልቷል፤ ጉዳዩ የባሕር በር ነበር። የግብርና ባለሙያው ሲያየኝ ተጠጋና የግንዱን ቦታ ለቀቀልኝ። እንቢ ብል ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ወደብ ጠየቁኝ፤ ዛሬ ራሴን አሞኛል አልኩ። ሻይ የምታፈላው ሴት እውነት መስሏት ዝንጅብል ጨመረችልኝ።

የሰውየው ባጃጅ መጥታ ቆመች። ወረደ፣ ሰላም አለን፣ ሻዩን በሁለት እጁ ያዘ። ከስቷል። ትንሽ ቆሞ ከሰማ በኋላ ወደኔ ቀረበ፤ ልክ እንደዚያ ቀን።

«መምህር፣ እህቴ መመለስ ይፈልጋል። ማሽላው ሜዳ ላይ ቀርቷል፣ የእናቴ መቃብርም እዚያ ነው። ክረምቱ እያለቀ ነው። ይረጋጋል ወይስ አይረጋጋም? ይሂድ?»

ሁሉም አፌን ያያል። አፌም፣ እግዜር ይይለት፣ ለመናገር ተንቀሳቀሰ። መልሱ ዝግጁ ነበር፤ መንገዱ ሲደርቅ መኪና ይወጣል፣ እንግዲያው አደጋው ይብሳል፣ ወይም ደግሞ በተቃራኒው። የፈለግሁትን አሳምሬ መናገር እችል ነበር።

«አላውቅም» አልኩት።

አንዱ ሾፌር ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ማንም ሳይከተለው ቀረ። «አላውቅም ወንድሜ፤ ከዚያ የሚመጡትን ጠይቅ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ አስቀመጠ።

«ያን ቀን እንደዚህ ብትለኝ» አለ፣ «ሄጄ አመጣው ነበር።»

ተሳፋሪ እየጠራው ነበር፤ ሄደ። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ልጆቼም ይጠይቀኛል። ስለዚያ ጠዋት ስልክ ግን አሁንም አልነገርኩትም።