ስድስት ከተሞች

ጌለን ሩስታድ የሶልበርግ ከንቲባ ነበሩ። በአሜሪካዋ የአዮዋ ግዛት ሕግ መንደር የሚባል ነገር የለም፤ የራሱ አስተዳደር ያለው ሁሉ ከተማ ነው። አርባ ሰው የማይሞላባት ሶልበርግም ከተማ ነበረች። የውኃውን ሞተር የሚጠግኑት፣ መንገድ ላይ የሞተ ውሻ የሚያነሱት፣ የበረዶ መጥረጊያውን መኪና የሚነዱት ራሳቸው ከንቲባው ናቸው።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ እኔና ጥቂት የሶልበርግ ሰዎች ከእሳቸው ጋር ጎረቤት ከተማ ኬስተር፣ ወደ ዱዌን መጠጥ ቤት ለጥያቄና መልስ ውድድር እንሄዳለን። የመጨረሻው ዙር ሁልጊዜ ስለ አዮዋ ከተሞች ነው፤ ያኔ የቡድናችንን እርሳስ የሚይዙት ጌለን ናቸው። ከሚዙሪ ወንዝ በስተምዕራብ ያለችው ብቸኛ የአዮዋ ከተማ? ካርተር ሌክ፤ ወንዙ ነው መንገዱን ቀይሮ ማዶ ያስቀራት። ከዴንማርክ የነፋስ ወፍጮ ያስመጣችው? ኤልክ ሆርን። ጥያቄው ሳያልቅ ጽፈዋል።

“ክቡር ከንቲባ መጡ! ተነሡላቸው እንጂ!” ይላል ዱዌን። “ሕዝቡን በሙሉ በአንድ መኪና ጭነው ነው የመጡት?”

“ግማሹን ነው። የቀረው ከተማዋን እየጠበቀ ነው” ይላሉ ጌለን።

አንድ ዓመት ብርዱ የውኃ ቧንቧውን ሰነጠቀው፤ ለጥገናው ግብር ተጨመረ። ከጅረቱ ማዶ ያሉት ሰዎች ግብሩ መረረን፣ የከተማዋ አስተዳደር ፈርሶ ለአውራጃው ትሰጥ አሉና በጥር ድምፅ እንዲሰጥበት ተወሰነ። ጌለን ቤት ለቤት እየዞሩ ለመኑ። አንዳንዱ በሩን እንኳ አልከፈተላቸውም።

የድምፁ ዕለት ንጋት ላይ በረዶው ጉልበት ድረስ ነበር። ሚስታቸው ማርሊስ በሩ ላይ ቆመች።

“የጅረቱን ማዶ ተወው ዛሬ” አለች።

“ለምን?”

“አታስቀኝ! አፍርሷት ባዮቹ በሙሉ እዚያ ናቸው። ካልጠረግክላቸው አይመጡም።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“መንገዱ የከተማው ነው።”

“የሚፈርሰው እኮ ከተማው ነው! ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?”

ጓንታቸውን አጥልቀው ወጡ። በረዶው የሚብሰው እዚያ ስለሆነ ከጅረቱ ማዶ ጀመሩ። ሰዎቹም ወደ ድምፅ መስጫው መጡ። አንደኛው የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ “እግዜር ይስጥልኝ ጌለን” አለና ሊያፈርሳት ገባ።

ሶልበርግ በሦስት ድምፅ ተሸነፈች። በየካቲት ነገሩ ሁሉ አለቀ፤ ጌለን የመጥረጊያውን መኪና ቁልፍ ለአውራጃው ሰው አስረከቡ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዱዌን የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበ፦ “አውራጃችን ስንት ከተሞች አሉት?”

ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ትምህርት ቤት የተማረው መልስ ነው፤ ሰባት። በየጠረጴዛው ሳያስቡ ጻፉ። የጌለን እርሳስ ግን ወረቀቱ ላይ ቆመ። እጄን ዘርግቼ፣ “ልጻፈው?” አልኳቸው። በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብለው ጻፉ።

ዱዌን ወረቀቶቹን እያገላበጠ ድምፁ ወረደ። “ስድስት ነው” አለ። “ያገኘው አንድ ቡድን ብቻ ነው።”

ለሽልማት የተዘጋጀውን የታጨሰ የአሳማ ሥጋ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠው። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ጌለን ኮፍያቸውን አደረጉ፤ ሥጋውን አልነኩትም።

ከመጠጥ ቤቱ ስንወጣ በረዶ ጥሎ ነበር። ወደ ሶልበርግ መታጠፊያ ስንደርስ መንገዱ አልተጠረገም፤ የአውራጃው መጥረጊያ መኪና ገና አልመጣም። ጌለን ሞተሩን አጥፍተው መጥረጊያው እስኪመጣ መሪውን እንደያዙ ተቀመጡ።